«ሙሉ ፕሮሰስ» በ95,000 ብር፦ አንድ የደላላ ቢሮ ገብቼ ያየሁት

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የክርስትና ልጄ እናት ከመሃል ሜዳ ደወለችልኝ። «ልጅቱን ዓረብ አገር ልልካት ነው። ቀብድም ከፍያለሁ። አንቺ አገሩን ስለምታውቂው ቢሮው ድረስ አብረሻት ሂጂልኝ» አለችኝ። ቀብዱ 30,000 ብር ነው። አራት በግ ሸጣ ነው ያገኘችው። መንዝ ላይ አራት በግ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ሆቴል፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ስልክ ተጠቅመው ያዩትን የሚጽፉ ሰዎች አሉ። እኔ ስለዚህ ቢሮ ልጽፍ። ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ ባለው መንገድ ይህን አገልግሎት የሚፈልግ ወላጅ ብዙ ነው። ከመክፈሉ በፊት ግን የሚያማክረው ሰው የለውም።

ቢሮው ያለው ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አካባቢ ነው። ስም የለውም። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት» የሚል ተለጥፏል። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተር፣ የበግ ቆዳ የተነጠፈበት አግዳሚ ወንበር አለ። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ውስጡ ይሞቃል። ቡና ተፈልቷል። ግድግዳው ላይ የሄዱ ልጆች ፎቶ ተደርድሯል፤ አባያ ለብሰው፣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ይዘው። ደላላው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትሁት ነው። እኔን «እትዬ»፣ ልጅቱን «የኔ እህት» ይላል። ሰው ደላላ ሲባል የሚያስፈራ ወሮበላ ይጠብቃል። ይሄ እንደዚያ አይደለም። የሰፈር ልጅ ነው። ለቅሶ ይደርሳል፤ ማኅበር ይጠጣል።

አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከግሼ በኩል የመጣች ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ልጅ ከእናቷ ጋር፤ ደግሞም በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ስራ ያጣ ወጣት።

አገልግሎቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሙሉ ፕሮሰስ» ይባላል። በአውሮፕላን ነው፤ 95,000 ብር። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ አሻራ፣ ሌበር አይዲ (የሠራተኛ መለያ)፣ ሜዲካል (የጤና ምርመራ)፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ ኤጀንሲ (ላኪ ድርጅት)፤ ሁሉንም እሱ ይጨርሳል። ሁለተኛው «በባህር» ነው። በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ፤ ከዚያ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፤ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ። ለዚህኛው አሁን የሚከፈለው 10,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው «ስትደርስ» ነው። ባለ ሰማያዊ ሻሿ ልጅ የመረጠችው ይህን ነበር። እናቷ 95,000 ብር ከየት ታምጣ?

ወላጆችን አልወቅስም። የክርስትና ልጄ ትምህርት ቤት በጸጥታው ምክንያት ከተዘጋ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ቤት ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል ነበር። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሂሳቡ ተቀየረ። በ1,000 ሪያል የተቀጠረች ልጅ በፊት በባንክ 15,000 ብር ገደማ ትልክ ነበር። ግንቦት ላይ ያው 1,000 ሪያል 35,000 ብር አካባቢ ሆኗል። ይህን የሰማች እናት በጎቿን ብትሸጥ ምን ይገርማል።

ወደ ዋጋው ልመለስ። 95,000 በዛብኝና ተከራከርኩ። ገበያ ላይ እንደምናደርገው ነው፤ ይቀንሳል ብዬ። ደላላው አልተቆጣም። ወረቀት ስቦ፣ ጋራዥ ሂሳብ እንደሚያወጣ ሰው፣ አንድ በአንድ ጻፈልኝ። ለቀበሌ 4,000። ለሦስት ምስክሮች 1,500። ሳይሰለጥኑ ለሚገኝ ሲኦሲ 9,000። ሜዲካል እንዳይወድቅ 6,000። የፓስፖርት ቀጠሮ ማሳጠሪያ 35,000። ኤጀንሲ ውስጥ ላለ ሰው 15,000። የፓስፖርቱ ዋናው ክፍያ 5,000። አዲስ አበባ መመላለሻና ማደሪያ 4,500። የራሱ 15,000።

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ከኔ 15 ሺህ ላይ ልቀንስልሽ። ከሌላው ላይ ግን አልችልም። የእኔ ብር አይደለም፤ የሰዎቹ ነው።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ደላላ ማለት ልጆችን የሚሸጥ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን ሂሳቡን ደመርኩት። ከ95,000 ውስጥ 70,500 ብሩ ጠረጴዛ ይዘው፣ ማህተም ይዘው፣ ደሞዝ እየተከፈላቸው ለሚሰሩ ሰዎችና ለተቀጣሪ ምስክሮች የሚሄድ ነው። ደላላው የራሱ ዕቃ የለውም። የሚሸጠው የእነሱን ማህተም ነው። አንዱ ጠረጴዛ እንኳ እምቢ ቢል ያቺ ክፍል ፎቶ ኮፒ ቤት ብቻ ሆና ትቀራለች።

ሊያሳምነኝ ብሎ ደግሞ መሳቢያውን ከፈተ። የክርስትና ልጄ መታወቂያ ቀድሞ ወጥቷል። ፎቶዋ አለበት። ስሟ ትክክል ነው። የትውልድ ዘመን 1995 ይላል።

እኔ ይህችን ልጅ ክርስትና ያነሳኋት ነኝ። በ2001 ዓ.ም. የህዳር ሚካኤል ዕለት ነው የተወለደችው። በሰማንያ ቀኗ፣ የካቲት ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ከቄሱ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። በመታወቂያው 22 ዓመቷ ነው። በእውነቱ 16 ዓመት ከመንፈቅ።

ፎርጅድ መስሎኝ ነበር። መታወቂያውን ይዤ ወጣሁና በማግስቱ የተጻፈበት ቀበሌ ሄድኩ። መዝገቡ ላይ አለች። ማህተሙ የቀበሌው ነው። ፊርማው የሠራተኛው ነው። ቁጥሩም ትክክል ነው። «ሦስት ምስክር አቅርባ ነው የወሰደችው» አሉኝ። ምስክሮቹ በሕይወቷ አይታቸው የማታውቅ ሰዎች ናቸው። የልደት ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር መታወቂያ ያወጣል፤ ለገጠር ሰው የተሠራ ደግ አሠራር ነበር። ዛሬ አንድ ምስክር 500 ብር ያወጣል።

እዚያው ቆሜ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔም በ2004 ስሄድ 17 ዓመቴ ነበር፤ ወረቀቴ ላይ 24 ነበር የተጻፈው። ሪያድ ላይ አሰሪዬ ሰባት ወር ደሞዝ ስትከለክለኝ ለማን አቤት ልበል? በወረቀት አዋቂ ነኝ፤ አውቄ፣ ፈርሜ የሄድኩ ነኝ። ልጅነቴን ያየልኝ ሰው አልነበረም። በ2006 ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አብሬ ተመለስኩ። ስለዚህ የዕድሜ ቁጥር መቀየር ትንሽ ነገር ነው ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። በመጀመሪያ የሚወሰድባት መከላከያዋ እሱ ነው። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ልጅን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ፣ ሳትታለልና ሳትገደድም፣ በሰው መነገድ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል እንዲህ ነው የሚለው። 1995 ብለው ሲጽፉባት ይህን ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ ሰረዙት።

የስራና ስልጠና ጉዳይ የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገኘኋትን ሴት ማመስገን አለብኝ። በሯ ላይ ሰልፍ እያለ አስቀምጣኝ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁን፣ ቁጥር 923/2008ን፣ አነበበችልኝ። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የስራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፤ ይህ ሁሉ የአሰሪው ወጪ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሜዲካል፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለሲኦሲ እና እንዲህ ላሉ ጥቂት ነገሮች ነው። ዕድሜዋ 18 ካልሞላ ደግሞ ጭራሽ አትሄድም። ደላላው ከጻፈልኝ ዝርዝር ውስጥ እውነተኛ ወጪ የሚባለው የፓስፖርቱ 5,000 እና የመንገዱ 4,500 ብቻ ሆነ። ሴትየዋ ዝርዝሩን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «እህቴ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹን በስም አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን ስለዚያ ወጣት። «ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ስራ፣ በወር 1,000 ዶላር» ተብሏል። ቢሮ ውስጥ እያለን የሰማሁትን ነገርኩት። ከባንኮክ ማዬ ሶት ወደምትባል የድንበር ከተማ ይወስዷቸዋል፤ ወንዝ ያሻግሯቸዋል፤ ማየዋዲ የሚባል የማይናማር ከተማ አጠገብ አጥር ውስጥ ያስገቧቸዋል። ስራው በኢንተርኔት ሰው ማጭበርበር ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል። በየካቲት 2017 ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተረከቡት 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ተከትሎኝ ወጣ። አሁን ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያየኝ ጥሩምባ ይነፋልኛል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ፊሊፒንስ ውስጥ ባምባን በምትባል ከተማ ተመሳሳይ የማጭበርበሪያ ግቢ ነበር። የት እንደነበር ታውቃላችሁ? ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጀርባ። ከንቲባዋ አሊስ ጉዎ አገር ጥላ ሸሽታ ኢንዶኔዥያ ላይ ተያዘች፤ ህዳር 2018 ላይ ፍርድ ቤት በሰው መነገድ ጥፋተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባት። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ሮሂንጋ በሚባሉ የማይናማር ስደተኞች በመነገድ ከተፈረደባቸው መካከል አንድ የጦር ጄኔራል ነበር፤ 27 ዓመት ተፈረደበት። እኔ እዚህ ቀበሌ መዝገብ ላይ ያየሁት ትንሹ ነው። ከላይ ሲኬድ ማህተሙ ይተልቃል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

የእኛው አገርም ታሪክ አለ። ሊቢያ፣ በኒ ዋሊድ ላይ ስደተኞችን አስሮ ቤተሰብ ያስለቅስ የነበረው ኪዳነ ዘካርያስ በየካቲት 2012 አዲስ አበባ ውስጥ ተይዟል። ያስያዘው እሱ ራሱ ካሰቃያቸው አንዱ ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ አይቶ ለየው። በዓመቱ ግን፣ የካቲት 2013፣ ለችሎት በቀረበበት ቀን አመለጠ። የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት በሌለበት ነው። እንደገና የተያዘው ሱዳን ውስጥ፣ ታህሳስ 2015 ላይ ነው። ያን ልጅ አስባለሁ። ያሰቃየውን ሰው በዓይኑ አይቶ፣ ደፍሮ ጠቁሞ፣ ከዚያ «አመለጠ» ሲባል የሰማውን ልጅ። ሌላ ምስክር ከዚያ በኋላ እንዴት አፉን ይከፍታል?

የባለ ሰማያዊ ሻሿ ልጅ ጉዳይ ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ። እናቷን «አትላኪያት» አልኳት። ቃል አልመለሰችልኝም። ልጅቱ ሰኔ ላይ ሄደች። ደላላው «መንገዱ ላይ ችግር የለም፤ ኬላው ሁሉ ተነጋግረናል» ብሎ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ እስከ ጅቡቲ ያስቆማቸው አልነበረም። ሐምሌ 27 ቀን የመን፣ አብያን አጠገብ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች። ያን ሳምንት እናቷ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። ልጅቱ ያ ጀልባ ላይ አልነበረችም። ከዚያ በፊት ተሻግራ የመን ላይ ግቢ ውስጥ ተይዛ ነበር። ስልኩ ነሐሴ ላይ መጣ። «ቀሪው ስትደርስ» የተባለው ማለት ይህ ነው፤ 180,000 ብር ማስለቀቂያ፣ የልጅቱ ጩኸት በስልክ እየተሰማ። እናቷ በሬዋን ሸጠች። መሬቷን ለአምስት ዓመት አከራየች። ልጅቱ ተለቃ መስከረም ላይ ሳዑዲ፣ ጂዛን ደርሳለች።

ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የእነዚያን ግቢዎች ነገር መርምሮ፣ የየመን ኬላ ጠባቂዎች ራሳቸው ስደተኞችን አስቁመው ለአጋቾቹ በብር እንደሚያስረክቡ ጽፎ ነበር። እዚህ ኬላው እንዲያሳልፍ ይከፈለዋል፤ እዚያ ኬላው እንዲይዝ ይከፈለዋል። የ10,000 ብሩ አገልግሎት ርካሽ ይመስላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ ወላጅ ሁሉ ይስማኝ፦ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው።

የእኛ ቀብድ ምን ሆነ? ከ30,000 ብር 12,000 ተመለሰልን። እሱም በሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄጄ ነበር፤ «ማስረጃ አምጪ» ተባልኩ። መታወቂያውን ሳሳይ «ይሄ ትክክለኛ መታወቂያ ነው» አሉኝ። የልጅቱ እናት ደግሞ ፈራች፤ «የመንደር ሰው ነው፣ ነገ ቤቴን ቢያቃጥሉትስ» አለች። ደላላው ሦስት ሽማግሌ ላከ። ጋቢ ለብሰው መጡ፤ መረቁን፤ ብሩን ቆጥረው ሰጡን፤ «ክስ የለም» አስባሉን። ያን ቀን እሺ ማለቴ ይቆጨኛል። ሽማግሌ የድንበርና የጋብቻ ነገር ያስታርቃል። በሰው መነገድን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ግን ይህ ወንጀል ነው፤ የእኔና የእናትየዋ ይቅርታ የሚዘጋው አልነበረም። እኛ ዘጋነው። ቢሮው ስራውን ቀጠለ።

18 ዓመት ሞልቷችሁ መሄድ ለምትፈልጉ፣ ሌላ መንገድ አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ፣ 23 ዓመቷ ነው፣ ያለ ደላላ ሄዳለች። በራሷ ተመዝግባ አሻራ ሰጠች፤ ሌበር አይዲ አወጣች፤ ስልጠናውን ከሰው ጋር እኩል ተቀምጣ ተማረች፤ ሲኦሲ ተፈተነች። የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አረጋገጠች። አምስት ወር ፈጀባት። ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሄዳ «ሲስተም የለም» ተብላ ተመልሳለች። አንድ ቦታ ላይ «ለሻይ» ተጠይቃ እምቢ በማለቷ ወረቀቷ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። ጠቅላላ ያወጣችው 16,000 ብር አይሞላም። ውሉ በእጇ ነው፤ ቅጂው እኔ ጋ አለ። ስልጠናውን ግን በብር አትግዙት። ልጅቷ የጋዝ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ደሞዝ ቢከለከሉ ማን ጋ እንደሚደወል፣ ጥቂት ዓረብኛ ተምራ ነው የሄደችው። እኔ ስሄድ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የሰባት ወር ደሞዜ አይቀርም ነበር።

የቢሮውን ነገር ባለፈው ወር አየሁት። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ታድሷል። ፎቶዎቹ ጨምረዋል።

የክርስትና ልጄ አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት መኪናዬ ላይ ትቀመጣለች፤ ዚፕ መቀየር ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። እናቷ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅቤ ትልክልናለች። የህዳር ሚካኤል ዕለት ድፎ ዳቦ ጋግሬ 17 ዓመቷን አከበርን። የከንቲባዋን ፍርድ በዋዜማው ነበር በሬዲዮ የሰማነው። «መታወቂያውስ?» አለችኝ። አልመለስኩትም። በላስቲክ ጠቅልዬ ከክርስትና ወረቀቷ ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ 2001 ይላል፣ አንዱ 1995። የሚጠይቅ መርማሪ የመጣ ዕለት ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ።